ስድስት በስድስት፦ በአዳማ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የተደረገ የኩሽኔታ ሙከራ

ጥያቄው የመጣው ከግዥ ክፍል ነው። አዳማ የሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የዓመቱን የመለዋወጫ ግዥ ከሰኔ 30 በፊት መጨረስ ነበረበት። ከዝርዝሩ ውስጥ በቁጥር የሚበዛው 6206 ኩሽኔታ ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 30፣ የውጭ ዙሪያው 62፣ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በትንንሽ ሞተሮች፣ በእህል ማንሻዎችና በስክሪው ማጓጓዣዎች ላይ በየቦታው የሚገኘው። ዋጋ ያቀረቡት ነጋዴዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ዕቃቸውን ከመርካቶ ያመጣሉ፣ የያዙት ብራንድ ግን ይለያያል። እዚህ ሀ እና ለ እላቸዋለሁ። የለ ዋጋ ይበልጣል። የጥገና ክፍሉ ግን ለ ይገዛ ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ በእጁም ማስረጃ ነበረው፤ ራሱ በሠራው መሣሪያ ላይ ከሀ ስድስት፣ ከለ ስድስት ኩሽኔታ እስኪበላሽ ድረስ አሽከርክሮ ሰዓቱን መዝግቧል። የለ አማካይ ዕድሜ ከሀ አማካይ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ከመፈረማቸው በፊት ሪፖርቱን ከፋብሪካው ውጭ ያለ ሰው ይመልከተው አሉ፤ በዚህ ምክንያት ነው እኔ የተጠራሁት። የምሠራው የማሽን ጥገና ማማከር ነው። ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ለዚህ የጥገና ክፍል ያለኝን አክብሮት ነው። በሥራዬ ባየኋቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ኩሽኔታ የሚመረጠው በዋጋና “እገሌ ጥሩ ነው ብሎኛል” በሚል ወሬ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ለመለካት ተነሱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያን ጥረት ወደ ትክክለኛው ቦታ ለማድረስ ነው።

መሣሪያው

ዘንጎቹ ቶርኖ ቤት ተቀርጸው፣ ቤታቸው ከወፍራም ላሜራ ተበይዶ፣ ሦስት ጣቢያ ያለው መሞከሪያ ሠርተዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ በደቂቃ 1,450 ዙር የሚዞር ሞተር አለው። ጭነቱን የሚሰጠው ግፊት መለኪያ የተገጠመለት የመኪና ክሪክ ነው። የጭነቱ መጠን ወደ አንድ ቶን (10 ኪሎ ኒውተን ገደማ) ይጠጋል፤ ይህም የ6206 ተለዋዋጭ የመሸከም አቅም በካታሎግ 19.5 ኪሎ ኒውተን ገደማ ስለሆነ ግማሹ መሆኑ ነው። አመራረጣቸው ጥሩ ነው። በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 281 መስፈርት የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ የሚሰላው አቅሙን ለጭነቱ አካፍሎ ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ነው፤ መልሱ በሚሊዮን ዙር ይወጣል። ጭነቱ የአቅሙ ግማሽ ሲሆን 2 ለ3 ጊዜ ተባዝቶ 8 ሚሊዮን ዙር ይሆናል፤ በ1,450 ዙር ፍጥነት 92 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ቢጭኑ ኖሮ ቀመሩ ራሱ ከሚሠራበት ክልል ይወጡ ነበር።

በፋብሪካው ውስጥ ግን ያው ኩሽኔታ የአቅሙን አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሸከም ስሌቱ 1,000 ሚሊዮን ዙር፣ ማለትም 11,500 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ያን ያህል ጠብቆ ግዥ የሚወስን ሰው የለምና ጭነት ጨምሮ ዕድሜን ማሳጠር የግድ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ያለው 92 ሰዓት በሚለው ቁጥር ትርጉም ላይ ነው። ይህ ቁጥር ኤል10 ይባላል። ከአንድ ዓይነት ኩሽኔታ ብዙ ቢፈተን ከአሥሩ ዘጠኙ ይህን ሰዓት ያልፋሉ፣ አንዱ ከዚያ በፊት በድካም፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጭነት ብረቱ ተሰንጥቆ፣ ይወድቃል ማለት ነው። የጥገና ክፍሉ ሪፖርት “የካታሎጉ ዕድሜ 92 ሰዓት ነው፣ እኛ ያገኘነው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው” ብሎ ደስታውን ይገልጻል። የተነጻጸረው ግን አማካይ ከኤል10 ጋር ነው፤ አማካዩ ብዙ እጥፍ መብለጡ የሚጠበቅ ነገር ነው። የኳስ ኩሽኔታ ግማሹ የሚወድቅበት ሰዓት እንደ ብትንትኑ ስፋት ከኤል10 ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ተኩል እጥፍ ይርቃል።

ብትንትን ያልኩት ነገር የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ቀን የተመረተ ኩሽኔታ እኩል ዕድሜ የለውም። የድካም ስንጥቅ የሚነሳው ኳሶቹ ከሚሽከረከሩበት ቦይ ገጽ ስር፣ ውጥረቱ ከፍ በሚልበት ጥልቀት፣ ብረቱ ውስጥ ካለች ጥቃቅን ባዕድ ቅንጣት ዙሪያ ነው። ያቺ ቅንጣት የት እንደተቀመጠች፣ ስንት ጊዜ ኳስ እንደሚያልፍባት የሚወስነው ዕድል ነው። ስዊድናዊው ዋሎዲ ዌይቡል ይህን ዓይነት ብትንትን የሚገልጸውን ስርጭት በ1951 በሰፊው አስተዋወቀ፤ ከዚያ በፊት በ1947 ሉንድበርግና ፓልምግሬን የእሱን ሐሳብ ተመርኩዘው ዛሬም የምንጠቀምበትን የኩሽኔታ ዕድሜ ቀመር መሠረት ጥለዋል። በዌይቡል ስርጭት ውስጥ ቅርጹን የሚወስነው ቁጥር ቤታ ነው። ቤታ ሲያንስ ብትንትኑ ይሰፋል። ለኳስ ኩሽኔታ ሉንድበርግና ፓልምግሬን የወሰዱት 1.11 ነበር፤ በተግባር 1.5 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ።

23 ወረቀት

ይህን በቀመር ባስረዳ ማንም እንደማያምነኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ በ1956 ሊብላይንና ዜለን የተባሉ የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድ ቢሮ ተመራማሪዎች ካሳተሙት ሥራ ውስጥ የታወቀ አንድ ዝርዝር ይዤ ሄድኩ። በውስጡ የ23 ኳስ ኩሽኔታዎች ዕድሜ በሚሊዮን ዙር ተጽፏል። ዓይነታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው በ17.88 ሚሊዮን ዙር ወደቀ፤ የመጨረሻው 173.40 ሚሊዮን ዞረ። አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አማካያቸው 72.2 ነው፤ አሥራ አንዱ ግን 56 እንኳን ሳይሞሉ ወድቀዋል።

ሃያ ሦስቱን ቁጥሮች በትንንሽ ወረቀት ጽፈን ጠቀለልናቸውና እንደ ዕቁብ ዕጣ ጣሳ ውስጥ ጨመርናቸው። የግዥ ኃላፊዋ ስድስት እንዲያወጡ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ በፋብሪካው ብዙ ዘመን የሠሩት አንጋፋው መካኒክ ሌላ ስድስት አወጡ። የእሳቸው ስም በፋብሪካው ሁሉ ዘንድ ጋሼ ነው፣ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ከወጡት ዕጣዎች አንዱ ዙር ይህን ይመስል ነበር። በአንደኛው እጅ 17.88፣ 33.00፣ 41.52፣ 51.84፣ 54.12 እና 98.64፤ አማካዩ 49.5። በሌላኛው እጅ 45.60፣ 55.56፣ 68.64፣ 84.12፣ 105.84 እና 128.04፤ አማካዩ 81.3። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በ64 በመቶ ይበልጣል።

“ይሄ እኮ የኛው ውጤት ነው” አሉ ጋሼ።

“ልክ ነዎት። ግን ሁለቱም የወጡት ከአንድ ጣሳ ነው።”

ወረቀቶቹን መልሰን ደጋግመን አወጣን። አንዳንዴ የአንዱ እጅ ይበልጣል፣ አንዳንዴ የሌላው፣ አንዳንዴ ይቀራረባሉ። የግዥ ኃላፊዋ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና “ታዲያ ለን በጭማሪ ዋጋ ግዙ ያላችሁኝ በዕጣ ነበር?” ብለው የጥገና ኃላፊውን ጠየቁ። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ እኔ ግን መልሱ “እስካሁን አላወቅንም” የሚል ነው አልኩ። ለ በእርግጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሙከራው ያን ለመለየት አይበቃም።

ስሌቱም ይህንኑ ይላል። በስድስትና በስድስት ኩሽኔታ ሲነጻጸር፣ ቤታ 1.5 ከሆነ በሁለቱ መካከል ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ቤታ 1.11 ከሆነ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ካልታየ በስተቀር በ95 በመቶ መተማመን ልዩነት አለ ማለት አይቻልም። እነሱ ያገኙት አንድ ተኩል እጥፍና ጥቂት ነው።

ሌላም ሪፖርቱ ያላየው ነገር አለ። ስድስት ኩሽኔታ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲደረደር የመጀመሪያው የወደቀው የሚቀመጥበት ደረጃ፣ በተለመደው የመካከለኛ ደረጃ ስሌት፣ 11 በመቶ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር ከስድስቱ ስለ ኤል10 በቀጥታ የሚናገረው አንድ ኩሽኔታ ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ የሚነግሩን ስለ መካከለኛውና ስለ ረጅሙ ዕድሜ ነው። ፋብሪካን በሌሊት የሚያስቆመው ደግሞ ቀድሞ የሚወድቀው እንጂ ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። አማካዩን ከፍ ያደረጉት ሁለት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ኩሽኔታዎች ለሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ምንም መልስ የላቸውም።

ኩሽኔታዎቹን ስንከፍት

እስከዚህ ያለውን ከቢሮ ሳልወጣ ማለት እችል ነበር። ጉዳዩን የቀየረው ግን የተበላሹት ኩሽኔታዎች አለመጣላቸው ነው። ጋሼ አሥራ ሁለቱንም ቁጥር ጽፈውባቸው በካርቶን አስቀምጠዋቸው ነበር። ስለዚህ ልማዳቸው ላመሰግናቸው እወዳለሁ፤ የተበላሸን ኩሽኔታ ወዲያው ለቁራሌ የሚሰጥ ፋብሪካ የተበላሸበትን ምክንያት አብሮ ይሸጣል።

በግራይንደር ቆርጠን፣ በናፍጣ አጥበን፣ በማጉያ መነጽር አየናቸው። የድካም ጉዳት መልክ አለው። ጭነት በሚያርፍበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ በውስጥ ቀለበቱ ቦይ ላይ፣ ብረቱ በጥልቀት ተልጦ ጠርዙ የሾለ ጉድጓድ ይተዋል፤ ከጉድጓዱ ውጭ ያለው ገጽ ግን እንደ መስታወት ያበራል። ከሀ ስድስቱ እንዲህ ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ቦያቸው ግራጫ ሆኖ ደብዝዟል፣ በጥቃቅን ጠባሳ ተሞልቷል፤ ይህ የአቧራ ሥራ ነው። አንዱ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም ተቀይሯል፣ ቅባቱም ከስሏል። ከለ ስድስቱ ደግሞ አራቱ በድካም ሲወድቁ ሁለቱ አቧራ በልቷቸዋል።

የተደረገው የድካም ሙከራ ከሆነ፣ በአቧራ የወደቀ ኩሽኔታ ስለ ድካም የሚናገረው “እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልደከምኩም” ብቻ ነው። በሙያው ቋንቋ የታገደ ይባላል። ሰዓቱ ይቆጠራል፣ ውድቀቱ ግን አይቆጠርም። ቤታን 1.5 ብለን ብንወስድ፣ ከስድስት ውድቀት ሁለቱ ብቻ እውነተኛ ሲሆኑ የሀ የተገመተ የድካም ዕድሜ ሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል፤ የለ ደግሞ ከስድስቱ አራቱ ስለሆኑ በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ይጨምራል። ሁለቱን ስናስተያይ የነበረው ክፍተት ከሞላ ጎደል ተዘጋ። በሁለት ውድቀት ላይ የቆመ ግምት ደካማ ስለሆነ “እኩል ናቸው” ብዬ አልጽፍም። ግን ለ ይበልጣል ያስባለው መሠረት ከእግሩ ሥር ሄዷል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለምን አቧራው ሀን አብዝቶ በላው የሚለው ነበር። መልሱ መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስድስቱ ሀ በሙሉ የተፈተኑት አስቀድሞ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ፣ የአዳማ ነፋስና አቧራ በሚበረታበት ደረቅ ወቅት። መሣሪያው ያኔ ክዳን አልነበረውም። የአካባቢያችን አፈር የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የበዛበት መሆኑን አዳማ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ በሩ ተከፍቶ ያደረ ቤት ጠዋት ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። የላሜራ ክዳን የተሠራው ከሀ መጨረሻዎቹ አንዱ ሲከፈት አቧራ ስለታየበት ነው። ለ የተፈተነው ከክዳኑ በኋላ ነው።

ክዳኑ ብቻም አይደለም። ጋሼ መጀመሪያ ላይ ኩሽኔታውን ግሪስ ሞልተው ይገጥሙ ነበር። የሞላ ግሪስ በራሱ ውስጥ ሲቦካ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተለመደው ምክር ባዶውን ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ነው። ሙቀት መለኪያው ማስጠንቀቂያ ሲሰጣቸው እሳቸው ራሳቸው መጠኑን ቀነሱ። በመዶሻ ከመግጠም ወደ ዘይት ውስጥ አሙቆ መግጠም የተሸጋገሩትም በዚሁ መሃል ነው። ሁሉም ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ሁሉም ግን የጠቀመው በኋላ የተፈተነውን ለን ነው። ሙከራው የለካው የሁለት ብራንዶችን ልዩነት ሳይሆን የአንድ ጎበዝ መካኒክን መሻሻል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የሀና የለን ተራ በዕጣ ማደባለቅ። ሦስቱን ጣቢያዎች፣ ቀኑንና ወሩን በዕጣ ለሁለቱ ብናካፍል ክዳኑም ሆነ የግሪስ መጠኑ ሁለቱንም እኩል ይነካቸው ነበር። ከቁጥር ብዛት ቀድሞ መስተካከል ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በተዛባ ተራ መቶ ኩሽኔታ ቢፈተን ስህተቱ ይበልጥ አሳማኝ ይመስላል እንጂ አይጠፋም።

ስለ ቅባቱ

የሙቀቱን ነገር ትንሽ ማብራራት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ቅባት እስካለ ድረስ ኩሽኔታ ተቀብቷል ብሎ ያስባልና። ኳሱንና ቦዩን የሚለያየው የዘይት ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሽፋኑ በቂ መሆኑ የሚታወቀው፣ በሥራ ሙቀት ያለው የዘይቱ ዝልግልግነት ለዚያ ኩሽኔታና ለዚያ ፍጥነት ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ይህ ምጥጥን ካፓ ይባላል። ለ6206 በ1,450 ዙር የሚያስፈልገው፣ ዝልግልግነት በሚለካበት በሴንቲስቶክ፣ 17 ገደማ ነው። እነሱ የተጠቀሙበት ግሪስ ውስጥ ያለው ዘይት በ40 ዲግሪ 100 የሆነው ነው፤ 70 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወደ 28 ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ካፓ ከ1 በላይ፣ ወደ 1.6 ነው። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ቢደርስ ያው ዘይት 11 ብቻ ይሆናል፣ ካፓም ወደ 0.6 ይወርዳል። ያን ጊዜ ብረት ከብረት መነካካት ይጀምራል። ከሰማያዊው ኩሽኔታ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ የተጻፈው 70 ዲግሪ ላይ የቆየው ኩሽኔታ ሌላ ሙከራ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። የ2007ቱ አይኤስኦ 281 ቅባትንና ብክለትን በዕድሜ ስሌቱ ውስጥ ያስገባውም ለዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ዘንጉ ቆሞ እንደገና ሲነሳ የዘይት ሽፋኑ እስኪፈጠር ድረስ ብረቶቹ ይፋተጋሉ። መዝገቡ ላይ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ተጽፈዋል፤ በየትኛው ጣቢያ ላይ የትኛው ኩሽኔታ እንደነበር ግን ከሌላ ደብተር መፈለግ ነበረብን።

ክሪኩም የራሱ ድርሻ ነበረው። ግፊቱ ሌሊት ይቀንሳል፣ ጠዋት ይሞላል። ዕድሜ ከጭነት ጋር በሦስት እጅ ብዜት ስለሚለዋወጥ፣ ጭነቱ 10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ የሚሰላው ዕድሜ በ37 በመቶ ይረዝማል። ከምንከራከርበት ልዩነት ከግማሽ የሚበልጠውን በአንድ የሚያንጠባጥብ ክሪክ ብቻ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። ውድቀቱ የሚታወቅበት መንገድም ቀንና ሌሊት ይለያያል። ቀን ቀን ጋሼ ካቻቢቴውን ቤቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ገና የመጀመሪያው ልጣጭ ሲነሳ ያውቃሉ፤ እሳቸው ያሉትን በንዝረት መለኪያ ሳረጋግጥ ልክ ሆነው አገኘኋቸው። ሌሊት የተበላሸ ግን ዘበኛው ጩኸት እስኪሰማ ይዞራል። ለዚህ ክሪኩን በክብደትና በማንሻ ዘንግ መተካት፣ ንዝረት ሲያልፍ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባት ይበቃል፤ ሁለቱም ውድ አይደሉም።

ስንት ቢፈተን ይበቃል

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። “እሺ፣ ተራው ይደባለቅ፣ ክሪኩ ይቀየር። ስንት ብንፈትን እርግጠኛ እንሆናለን?”

ጥያቄው ሁለት መልክ አለው፤ መልሱም ይለያያል።

አንዱ “ይህ ኩሽኔታ ካታሎጉ ያለውን ኤል10 ያሟላል ወይ” የሚል ነው። ስድስት ኩሽኔታ 92 ሰዓት ዞረው አንድም ባይወድቅ ብዙ ሰው አለፉ ይላል። ነገር ግን ኤል10 ልክ 92 ሰዓት ቢሆን እንኳን ስድስቱም በሰላም የማለፍ ዕድላቸው 0.9 ስድስት ጊዜ ተባዝቶ 53 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ብዙም አይሻልም። በ90 በመቶ መተማመን ለመናገር 22 ኩሽኔታ ያለ አንድ ውድቀት 92 ሰዓት ማለፍ አለባቸው። ቁጥሩ ስድስት ላይ ከቀረ ደግሞ ሰዓቱ ይረዝማል፤ እንደ ቤታው ከ2.4 እስከ 3.2 እጥፍ፣ ማለትም ከ220 እስከ 295 ሰዓት አንድም ሳይወድቅ። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሳቀርብ አብሬ የተናገርኩት ማስጠንቀቂያ አለ። እንዲህ ያለው ፈተና ገዢውን እንጂ ሻጩን አይጠብቅም። ልክ ካታሎጉ ያለውን የሚያሟላ፣ ሐቀኛ ኩሽኔታ ፈተናውን የሚያልፈው ከአሥር አንዴ ብቻ ነው። የወደቀውን ሁሉ “ፎርጅድ ነው” ብሎ ነጋዴን መክሰስ ትልቅ በደል ይሆናል።

ሁለተኛው መልክ የግዥ ክፍሉ ጥያቄ ነው፤ ሀ ይሻላል ወይስ ለ። የእውነት ልዩነታቸው አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆንና ያን ከአምስት አራት ጊዜ ለማየት ብንፈልግ፣ ቤታ 1.5 ሆኖ እንኳን ከእያንዳንዱ ከ40 በላይ ኩሽኔታ ያስፈልጋል። በሦስት ጣቢያ፣ ያለ መብራት መጥፋት፣ ቀንና ሌሊት ቢዞር ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ብልሃቶች አሉ። የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ የነበረው ሌናርድ ጆንሰን ያስፋፋው ዘዴ አራት ኩሽኔታ በአንድ ዘንግ ላይ አስሮ የመጀመሪያው ሲወድቅ አራቱንም ማቆም ነው፤ የብዙ እንዲህ ያሉ አራቶች የመጀመሪያ ውድቀት መካከለኛ ሰዓት ወደ 16 በመቶው ነጥብ ይጠቁማል፣ ለኤል10 ቅርብ ስለሆነ ጊዜ ይቆጥባል። ኩሽኔታ ግን አይቆጥብም።

የእኔ ምክር ይህ ነበር፤ የዱቄት ፋብሪካ ብራንድን በድካም ሙከራ ለመለየት አይነሳ። ይህ የአምራቹ ሥራ ነው። ፋብሪካው የማያውቀውና ሊያውቀው የሚችለው ሌላ ነገር አለ፤ የራሱ ኩሽኔታዎች በራሱ ወለል ላይ ለምን እንደሚሞቱ። አሥራ ሁለቱ ኩሽኔታዎች ስለ ብራንድ ብዙ አልነገሩንም። ስለ አቧራ፣ ስለ ግሪስ መጠንና ስለ አገጣጠም ግን በሚገባ ነግረውናል፤ ግማሾቹ በድካም አልሞቱም።

የጥገና ኃላፊው ይህን ለመቀበል ተቸግሮ ነበር፤ እረዳዋለሁም። ወራት የለፋበት መሣሪያ ነው። ሐሳቡን የቀየረው የፋብሪካውን ሞተሮች መቁጠር ስንጀምር ይመስለኛል። በፋብሪካው ውስጥ ያሉት 6206ዎች ከመሞከሪያው ሦስት ጣቢያ ብዙ ይበልጣሉ፤ ሁሉም ሌት ተቀን ይዞራሉ፣ የመብራቱም ወጪ አስቀድሞ የተከፈለ ነው። የጎደለው መዝገብ ብቻ ነው።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ግዥው ለሁለቱ ነጋዴዎች ይካፈላል፤ ለ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ስለሌለ በሁሉም ላይ የዋጋ ጭማሪ አይከፈልም። ሁለቱም በጎማ ሽፋን የታሸገውን ዓይነት እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ከተረፈው ገንዘብ የኩሽኔታ ማሞቂያና መጠን የሚለካ የግሪስ ፓምፕ ይገዛል። በየትኛው ሞተር ላይ ሀ፣ በየትኛው ላይ ለ እንደሚገጠም ዕጣ ይወስናል፤ ዕጣውን የሚያወጣው የግዥ ክፍሉ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። በየሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ ይገጠማል፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት እንዳይቆጠር። ኩሽኔታ ሲወጣ፣ ደህና ሆኖ ለሌላ ጥገና የወጣም ቢሆን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ ከዚያም ተቆርጦ ታይቶ ምክንያቱ ይጻፋል። ደህና የወጡትን አለመጻፍ ዕድሜን አሳንሶ ያሳያል፤ ቅጹ ላይ ለእነሱ የተለየ ቦታ ያበጀነው ለዚህ ነው።

የግዥ ኃላፊዋ አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ከእያንዳንዱ ብራንድ ቢያንስ 20 የድካም ውድቀት ሳይመዘገብ ማንም ሀንና ለን እንዳያነጻጽር በጽሑፍ ይቀመጥ አሉ። ከላይ እንዳልኩት ከ40 በላይ አስተማማኝ ባይሆንም፣ 20 በ20 ላይ የአንድ ተኩል እጥፍ ልዩነት መታየት ስለሚጀምር ቁጥሩን ደገፍኩት። በቀላል ጭነት እዚያ ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ ለሁላቸውም ተናግሬያለሁ። እስካሁን ከወጡት ኩሽኔታዎች ምክንያት ዓምድ ላይ የተጻፈው አቧራ፣ የግሪስ እጥረትና የተጣመመ ቺንጊያ ነው፤ ድካም የሚል ገና አልተጻፈም። የጥገና ክፍሉም በዚህ ዓምድ ተመርቶ የስክሪው ማጓጓዣዎቹን መሸፈኛ መቀየር ጀምሯል።